በፋሻ የታሰረው መተኮሻ

ለሆስፒታላችን ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ሙሉ ጤና፣ በተለይም ሙሉ አሥር ጣት ከልብ እመኝልዎታለሁ። በልብስ እጥበት ክፍል አንሶላ ስተኩስ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ይህን የምጽፈው ቆሜ ነው፤ ከሐሙስ ወዲህ መቀመጥ አቅቶኛል።

«ቀና እናስብ» የተባለው መመሪያዎ፣ ማንኛውም ሠራተኛ ችግር ከማመልከቱ በፊት ሦስት መልካም ነገሮችን እንዲጽፍ ስለሚያዝ፣ እኔም ሥርዓቱን አክብሬ እጀምራለሁ።

፩. ቅጹ ያማረ ነው። ለመልካም ነገር ሦስት ሰፋፊ ሣጥን፣ ለችግር ግማሽ መስመር በመተውዎ ከብዙ ወሬ አድነውናል። በመጀመሪያው ማመልከቻዬ የትልቁ መተኮሻ ማሽን የእጅ መከለያ መሰበሩን ጽፌ፣ ሰው ሳይጎዳ ይጠገን ልል ስል መስመሩ አለቀብኝ።

፪. ቢሮዎ ጥንቁቅ አንባቢ ነው። ሁለተኛውን ማመልከቻዬን ከመልካም ነገሮቼ አንዱ ከልብ የመነጨ አይደለም ብሎ መልሶልኛል። እውነቱን ነው፤ ያመሰገንኩት የግቢያችንን አበባ ነበር፣ ግቢያችን ደግሞ አበባ የለውም። ሦስተኛውን ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎታል።

፫. ሆስፒታላችን ፋሻ አይቸግረውም። ጥገና እስኪመጣ ብለን መከለያውን በፋሻ አሰርነው። ሐሙስ ጠዋት ፋሻው ተፈታና፣ ሁላችንም ሳቂታ የምንላት የሥራ ባልደረባዬ ቀኝ እጇ ከአንሶላው ጋር ማሽኑ ውስጥ ገባ። ሐኪሞቻችን ደክመውላታል፤ ሁለቱን ጣቶቿን ግን ማትረፍ አልቻሉም። አሁን እሷም ማሽኑም በፋሻ ታስረዋል። ማሽኑ ሥራ ላይ ነው፤ የነገ ተረኛዋ እኔ ነኝ።

፬. እነሆ ግማሽ መስመሬ፦ መከለያው እስኪጠገን ማሽኑ ይቁም።

በዓርቡ ስብሰባ ላይ፣ በመካከላችን ተስፋ የቆረጡ ሰዎች እንዳሉና የለውጥ እንቅፋት እንደሆኑ መናገርዎን ሰምቻለሁ። ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ተስፋ የቆረጠ ሰው ዓይኑን በጨው ታጥቦ አራተኛ ማመልከቻ አይጽፍም፤ እጁን አጣጥፎ ጡረታውን ይጠብቃል እንጂ። እኔ የምነዘንዝዎ ይህ ቤት ይስተካከላል ብዬ ስለማምን ነው። ተናድጃለሁ፤ ፈርቻለሁም። እምነቴ ግን አልጠፋም፣ እንቅልፍ የነሳኝም እሱ ነው።

ስለዚህ ነገ ጠዋት በሰዓቴ እገባለሁ፣ አንሶላውንም በእጄ አጥፋለሁ፤ ማሽኑን ግን አላስነሳም። ይህንንም አስቀድሜ በማሳወቄ እንደ ቀና አስተሳሰብ እንዲቆጠርልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

መመሪያዎን እስከ ግማሽ መስመሩ ያከበረች፣
አሥሩም ጣቶቿ ለጊዜው በቦታቸው ያሉ፣
የልብስ እጥበት ክፍል ተኳሽዎ

ሳልረሳው፦ በዋናው መግቢያ «ለውጥ ከእኛ ይጀምራል» በሚለው ትልቅ ፖስተርዎ ላይ፣ እየሳቀች ቀኝ እጇን የምታውለበልበው ሳቂታ ናት። ፎቶውን ማደስ ካስፈለገ፣ ግራ እጇ ደህና ነው።