በሟች ባለቤቴ እጅ ለሚያስጽፏቸው ትዕዛዞች የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ይበልጣል፣ የጎዳናና አደባባይ ማስዋቢያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ወንበርዎስ ችሎዎታል? እኔ ቸሩ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጠዋት ኪዳን አድርሼ ስመለስ የእርስዎን ማስታወቂያዎች እስካነብ ድረስ።

እንደሚያውቁት ባለቤቴ ወይዘሮ ተሻለች የሰፈራችንን እድር የሞት ማስታወቂያ በእጇ ትጽፍ ነበር። የፊደሎቹን እግር ረዘም፣ አንገታቸውን ዘንበል ስለምታደርግ፣ ሰው ከመንገዱ ማዶ ሆኖ እንኳ ይለየውና «ማን አረፈ?» እያለ ይጠጋ ነበር። እሷ ካረፈች በኋላ ባለሙያዎ ወይዘሪት ሀሴት ቤቴ መጥታ፣ «አባባ፣ እንዲህ ያለ እጅ መቀበር የለበትም፤ የኮምፒዩተር ፎንት እናድርገው» ስትለኝ ያስቀመጥኳቸውን ወረቀቶች ሁሉ ሰጠኋት። ለተሻለች መታሰቢያ አስቤ ይሁን ወይስ «የአሳምነው ሚስት ጽሑፍ» መባሉን ወድጄ፣ ዛሬም ስጸልይ አይለይልኝም። ብቻ ስለተደረገልን ሁሉ እነሆ አመሰግናለሁ።

1. «እዚህ መሽናት ያስቀጣል» የሚለውን ታፔላ በእሷ እጅ ስላስጻፉላት። በሕይወቷ ሰው ክፉ ተናግራ አታውቅም ነበር፤ እርስዎ አስጀመሯት።

2. አደባባዩ ላይ፣ ከፎቶዎ ሥር፣ ስምዎን በዚሁ ፊደል ስላሰቀሉ። ጎረቤቴ ወይዘሮ ሙቢና ከባጃጅ ወርዳ ባነሩን ስታይ፣ «ኢናሊላሂ፣ መቼ ነው ያረፉት?» አለችኝ። በሕይወት እንዳሉ ነገርኳት። ባነሩን ደግማ አይታ፣ «እንግዲህ አላህ ያውቃል» አለችና መንገዷን ቀጠለች። ከሳጉሬ የመጡ ሁለት ሰዎች ደግሞ ቀብሩ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቀውኛል፤ ቀብር እንደሌለ ስነግራቸው ፊታቸው ላይ ያየሁትን ቅሬታ ለጤንነትዎ ስል አልጽፈውም።

3. ባለፈው ሰኞ በሬ ላይ ስለተለጠፈው ወረቀት። አጥሬ ለእግረኛ መንገድ ማስፋፊያ ስለሚፈለግ በራሴ እንዳፈርሰው፣ እምቢ ካልኩ ግን በግብረ ኃይል እንደሚፈርስ ይገልጻል። ስሜ ከላይ በእሷ እጅ ተጽፏል። ካረፈች ወዲህ ስሜን በዚያ እጅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። መነጽሬን አውጥቼ እስካደርግ ድረስ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

አጥሩን አፈርሳለሁ። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንን ፎንት ከመሥሪያ ቤትዎ ኮምፒዩተሮች ያጥፉልኝና ትዕዛዙን በራስዎ እጅ ጽፈው ይላኩልኝ። እጅዎ አያምርም የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ለሚጽፉት ነገር ልክ ነው ብዬ እሟገትልዎታለሁ።

ከሬሳ እንኳ ጉልበት መበዝበዝ ለተካነው ጥበብዎ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ለንስሐ የሚበቃ ዕድሜ እንዲሰጥዎት የምጸልይ፣

አክባሪዎ አሳምነው ገብረ መድህን
ከአሰላ

ማስታወሻ፦ ተራዬ ሲደርስ ማስታወቂያዬ በማንም ሰው ክፉ እጅ ይጻፍ ብዬ ለእድሩ ተናዝዣለሁ። በተሻለች እጅ ከተጻፈ ሰዉ ከእርስዎ ቢሮ የመጣ መስሎት ሳያነበው ያልፋል፤ እኔም ቀባሪ አጣለሁ።