ወፍራም ውሃ

ለናፍቆቴ ለእማ፣

ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ባለፈው ዓመት ልጽፍልሽ ብዕር አንስቼ መልሼ አስቀመጥሁት፤ ያኔ ብጽፍ ለቅሶ ብቻ ይሆን ነበር። ዛሬ የምጽፍልሽ ፈርቼ ነው። የማወራው ሰው የለኝም። አባ እንዳይሰማ፣ ወንድሜ ሰይድም ወረታ ያለውን ሱቁን ዘግቶ እንዳይመጣ ብዬ ለሁሉም ደህና ነን እላለሁ። አንቺን ግን መዋሸት አልችልም። የምግብ ሰዓት ባይደርስ እላለሁ፣ እማ።

ሹም አቦ ሰፈር ያለው ቤታችን እንዳለ ነው። በሩን ሰማያዊ ቀብተነዋል፣ ጓሮ የተከልሽው ማንጎም ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈራ። አባም እስከ መስከረም ድረስ እንደምታውቂው ነበር። ጀልባውን ከሸጠ በኋላም ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር እየወረደ፣ ቁንዝላ ሳሉ ከልጅነት ጀምሮ አብረውት ዓሣ ካጠመዱት ከጋሽ ሙሄ ጋር የሰው መረብ ሲጠግን ይውል ነበር። አንድ ጠዋት ጋሽ ሙሄ ደወሉልኝ። አባ መረቡን እንደያዘ ቀኝ እጁ ወደቀ፣ አፉ ተጣመመ፣ ሲያናግሩትም ምላሱ ተሳሰረ አሉኝ። ባጃጅ ይዤ ስደርስ ሣሩ ላይ አስተኝተውታል፤ ዓይኑ ያየኛል፣ «መርየም» ብሎ ስሜን መጥራት ግን አልቻለም።

ነፍሱ ተረፈች፣ አልሐምዱሊላህ። እግሩ ተመልሶለት በከዘራ ይሄዳል። ንግግሩም ቀስ በቀስ እየተፈታ ነው። ያልተመለሰለት መዋጥ ነው። ገና ሆስፒታል እንደገባን ሰይድ ጠምቶታል ብሎ ውሃ አጠጣው። ትን አለው። ትን ማለት ለሁላችንም የሚደርስ ነገር ነው፤ ይሄ ግን እንደዚያ አልነበረም። ዓይኑ ፈጠጠ፣ ከንፈሩ ጠቆረ። ነርሷ ሮጣ መጥታ ወደ ፊት አስጎንብሳ ይዛው እስኪመለስ ድረስ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ። እጄን እንኳ አልዘረጋሁለትም፤ ከቆምሁበት መነቃነቅ አቃተኝ።

ነርሷ ሲስተር ትዕግሥት ትባላለች። በኋላ ቁጭ አድርጋ አስረዳችን። ጉሮሮው ላይ ያለው ክዳን እንደ ድሮው ቶሎ አይዘጋም፤ ውሃ ደግሞ ቀጭን ስለሆነ ክዳኑን ቀድሞ ወደ ሳንባ ይገባል። ስለዚህ የሚጠጣው ሁሉ፣ ውሃም ሻይም ወተትም፣ ከማንኪያ ላይ እንደ ማር ቀስ ብሎ የሚወርድ መሆን አለበት። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ዱቄት እንዳለ ነገረችን። መድኃኒት ቤቶቹን ዞርሁ፣ አላገኘሁም። እንግዲያው ቤት ባለው ነገር አወፍሪና አምጥተሽ አሳዪኝ፣ ሳላየው ግን እንዳትሰጪው አለችኝ።

ወጥ ቤት ገብቼ ምድጃው ፊት ስቆም የመጀመሪያ ቀን የገባሁ መሰለኝ። አንቺ ወጥ መቅጠኑንና መወፈሩን በማማሰያው ክብደት ታውቂው ነበር። እኔም ካንቺ ተምሬ አውቃለሁ ብዬ ነበር። ግን ወጥ ቢቀጥን ምሳችን ይበላሻል እንጂ ሰው አይሞትም።

እህትሽ ሐሊማ ወሬውን ሰምተው ከይፋግ ሩዝ ይዘው መጡ፤ ይኸው እስካሁንም ከእኛ ጋር ናቸው። ሩዙን እስኪፈርስ ቀቅለን፣ በወንፊት አጥልለን፣ የወረደውን ሙቅ ከሻዩም ከወተቱም ጋር እንቀላቅልለት ጀመር። ሲስተር ከማንኪያ አንጠባጥባ አየችውና ይሆናል አለች፤ አባን ይዘን ወደ ቤት ተመለስን። አባ ሲውጥ የማየው አንገቱን ነው። ማንቁርቱ ከፍ ብሎ ሲወርድ እኔም ባዶ አፌን አብሬው እውጣለሁ። ሐሊማ አይተው ሳቁብኝ። ሳያቸው ለካ እሳቸውም እየዋጡ ኖሯል።

ቀናት በደህና አለፉ። እኔም ኩባያ ስይዝ መፍራቱን ትቼ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩዝ ሙቅ ያወፈርሁትን ወተት ግማሹን እንዳጠጣሁት ጎረቤት ጠራችኝና ወጣሁ። ተመልሼ ከዚያው ኩባያ በማንኪያ ሞልቼ ሰጠሁት። ትን አለው። ሲስተር እንዳሳየችኝ ወደ ፊት አስጎንብሼ ያዝሁት፤ ደረቱ እጄ ውስጥ እንደ ተጠመደ ዓሣ ይዘላል፣ ትንፋሹ አይወጣም። ሐሊማ «ያ አላህ» ይላሉ። በመጨረሻ አሳለውና ትንፋሹ ተመለሰ።

እሱ ሲረጋጋ ኩባያውን አነሣሁት። ወፍራም አድርጌ የተውሁት ወተት እንደ ውሃ ቀጥኗል። ማን ነካው ብዬ ሐሊማን ጠየቅሁ፤ ከአጠገቡ ሳይነሡ ዶቃቸውን ሲቆጥሩ ነበር። ሌላ ሰው አልገባም። ኩባያውን እያዘነበልሁ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ ሲሮጥ አየሁት። በፀሐይ ብርሃን፣ በገዛ ቤቴ፣ የማላየው ሰው ገብቶ ውሃ የጨመረበት መሰለኝ።

በማግስቱ ትኩሳት ያዘው፣ ደረቱም ሲር ሲር ይል ጀመር። የሳንባ ምች ነው ተብሎ እንደገና ሆስፒታል ተኛ። አልጋው አጠገብ ተቀምጬ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ ድኗል ብለው ቢሰጡኝ ቤት ወስጄ ምን አጠጣዋለሁ?

ሲስተር የሆነውን ሁሉ ከሰማች በኋላ የላሰውን ማንኪያ መልሰሽ ኩባያው ውስጥ ትነክሪያለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኋት፤ ሰው በሌላ በምን ያጠጣል? ሩዝንና በቆሎን የመሰለውን ምራቅ ያፈርሰዋል አለችኝ። አላመንሁም። ቤት ሄጄ የሩዝ ሙቅ በሁለት ኩባያ ቀዳሁና በአንደኛው ምራቄን ተፋሁበት። አማሰልሁት። እዚያው ቆሜ ሳለ እየላላ ሄዶ ቀጠነ፤ ሌላኛው እንደነበረ ነው። ሐሊማ ከበር ሆነው አዩኝና «አስተግፊሩላህ» ብለው ተመለሱ። እኔ ግን ምክንያቱን በማወቄ አልተጽናናሁም። ኩባያው ውስጥ እንዳይቀጥን ብጠነቀቅ አፉ ውስጥስ?

ያን ጊዜ ጸጉሬን ስትሠሪኝ ትዝ አልሽኝ። ሳይቆላ የተቀቀለ የተልባ ውሃ ነበር የምትቀቢኝ። ከጣትሽ ላይ ክር እየሠራ ይንጠለጠላል፤ አንገቴ ውስጥ ሲገባ ቀዝቅዞኝ ስወራጭ በጉልበቶችሽ መካከል አጥብቀሽ ትይዢኛለሽ። እማ፣ ያን ዝልግልግ ነገር ምን ያህል እጠላው ነበር።

ተልባ ገዝቼ ለቀምሁ፣ አጠብሁ። ሳልፈጭ በውሃ ቀቅዬ፣ ገና ትኩስ ሳለ በስስ ጨርቅ አጠለልሁት፤ ሲቀዘቅዝ በጨርቅ አልወርድ ይላልና። በዚህኛውም ምራቄን ተፋሁበትና ጠበቅሁ። አልቀጠነም። ሌላ ሥራ ሠርቼ ተመለስሁ፤ አሁንም አልቀጠነም። ሌላ ንጹሕ ቀድቼ ለሲስተር ወሰድሁላት። ከሐኪሙ ጋር ተማክራ፣ ትኩሳቱ ከለቀቀው በኋላ እፊቷ በማንኪያ እንዳጠጣው አደረገች፤ ደረቱን አዳመጠች፣ እንደገና አጠጣሁት፣ እንደገና አዳመጠች። ከዚያ ወደ ቤት ሰደደችን።

አሁን ሻዩም ወተቱም ውሃውም በተልባ ነው። ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ስለሚወፍር በየጊዜው ከማንኪያ እያንጠባጠብሁ አየዋለሁ። መቅጃው ማንኪያ ሌላ፣ እሱ የሚጎርሰው ሌላ። አባ ግን ተማረረ። ተልባ ጠልቶ አይደለም፤ በረመዷን ለማፍጠሪያ አንቺ የምትበጠብጪውን ይወድ እንደነበር ታውቂያለሽ። ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ላይ የኖረ ሰው ውሃ በማንኪያ፣ ያውም ክር የሚሠራ ውሃ፣ ሲሰጡት ምን ይበል? ኩባያ ሳነሣ ዓይኑ ይከተለኛል። እኔ ውሃ የምጠጣው ወጥ ቤት ተደብቄ ሆኗል።

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነበር። ከዘራውም የለም። ሐሊማ እየሰገዱ ሳለ ወጥቷል። የት እንደሄደ አላጣሁትም። ሐይቁ ዳር ስደርስ ከውሃው ጠርዝ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ጋሽ ሙሄ ከጎኑ ናቸው። ቀኝ እጁ ገና ደካማ ስለሆነ በግራው ውሃ ዘግኖ ወደ አፉ ሲያስገባ አየሁት። ልጮህ አፌን ከፈትሁና መልሼ በእጄ ያዝሁት። ድምፄ ካስደነገጠው ይውጠዋል። እንዳልሮጥ ኮቴዬን ይሰማል። ቆምሁ። ጉንጩን ሞልቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዘው፤ ባዘመመው ጎን በኩል ውሃው ጢሙ ላይ ይወርዳል። አንድ ሰው ውሃ አፉ ውስጥ ይዞ ይህን ያህል ሲቆይ አይቼ አላውቅም። ከዚያ አጎነበሰና ሁሉንም ተፋው።

ለዐስር ሶላት ዉዱእ እያደረገ፣ አፉን እየተጉመጠመጠ ነበር። አጠገቡ ሄጄ አሸዋው ላይ ተቀመጥሁ። ጋሽ ሙሄን ልቆጣቸው ስል እሳቸው ራሳቸው እያለቀሱ ነው። አባ ፊቴን አይቶ የፈራሁት ገባው፤ በተሳሰረ አንደበቱ «ቅዝቃዜውን ነው የፈለግሁ» አለኝ።  እጁን እግሩን ሲታጠብ ውሃ አፈሰስሁለት።

ለሲስተር ነገርኋት። ብቻውን እንዳያደርገው አስጠነቀቀችና በሚቀጥለው ቀጠሮ ከሐኪሙ ጋር ሆነን አንዲት የሻይ ማንኪያ ባዶ ውሃ እንሞክርለታለን አለች። አባ ከዚያ ወዲህ የቀጠሮውን ቀን ደጋግሞ ይጠይቀኛል። እኔ ቀኑ እንዳይደርስ እመኛለሁ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ትናንት ጠዋት የሆነው ነው። ሻዩን ሳጠጣው ሕልም አየሁ አለኝ። አንቺን ነው ያየው። በበሩ ገባሽ፣ በጣሳ ውሃ ይዘሽለት፣ ከሐይቁ መሃል የተቀዳ የሚመስል ጥሩ ውሃ፤ እንካ አልሽው። ማንኪያውን መልሼ አስቀመጥሁት። ሙት በሕልም የሰጠውን የተቀበለ ሰው ብዙ ሳይቆይ ይከተለዋል ሲሉ የሰፈራችንን ሴቶች እየሰማሁ ነው ያደግሁ። ጠጣህ ወይ ብዬ መጠየቅ ፈራሁ። ሐሊማ ጠየቁልኝ።

«አልጠጣሁም» አለ። «መርየም ትቆጣኛለች አልኋት።»

ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስሁ፣ እማ። ክፉ አስበሽ እንዳልመጣሽ አውቃለሁ። ሲጠማ አይተሽ አልሆንልሽ ብሎሽ ነው፤ በሕይወት ሳለሽም ሰው ሲጠማ አይተሽ መቀመጥ አትችይም ነበር። ግን እለምንሻለሁ፣ ዳግመኛ ስትመጪ ባዶ እጅሽን ነይለት። አጠገቡ ተቀምጠሽ አውሪው፣ እጁን ያዢው፣ ከዚያ ትተሽልኝ ሂጂ።

እኔ አንቺን አልረሳሽም። ጁምዐ ጁምዐ መቃብርሽ ዘንድ እየመጣሁ ዱዓ አደርግልሻለሁ፤ ሴት ልጅ ቢሰጠኝ ስምሽን አወጣላታለሁ። ከእሱ ጋር ግን ገና ነኝ። አልጨረስሁም።

ልጅሽ መርየም