ስድስት ሳምንት የሚፈጅ ጠባሳ

መጋቢት 1 ቀን 1974
ዘጠነኛ ክፍል። ሴል። ፕሮቲን የት እንደሚሠራ በጠመኔ ሣልኩ። ሽታዬ እጇን አወጣች፤ "ቲቸር፣ አንድ ሴል ሲሞት ጎረቤቱ ያውቃል?" ክፍሉ ሳቀ። "ነገ እነግርሻለሁ" አልኳት። አላውቅም ማለት ከበደኝ...
ዳንግላ ነፋስ ነው። ከልጄ ከደጉ ደብዳቤ የለም። ግንባር ከሄደ ወዲህ ሁለት ብቻ።

መጋቢት 11
ከሆስፒታል ወጣሁ። መጋቢት 2 ጥቁር ሰሌዳው ሥር ወድቄ ነበር። ልቤን የሚመግብ ደም ሥር ተዘግቶ። ሐኪሙ ለሚስቴ ለልክየለሽ፦ "ስድስት ሳምንት እንዳይደነግጥ!"
ቤት ስንገባ "ለምን ስድስት?" አለች። በወረቀት ሣልኩላት። ደም ያጣው ሴል ሽፋኑ ይቀደዳል፤ የያዘው ፕሮቲን ይፈስሳል። የሞተው አይተካም። አጠገቡ ያሉት ግን፣ አንቺ ጥጥ እንደምትፈትዪው፣ የፕሮቲን ክር እየሠሩ ቦታውን ይደፍናሉ። ጠባሳው እስኪጠነክር ስድስት ሳምንት።
"እስከዚያ ብትደነግጥስ?"
"ግድግዳው ይቀደድ ይሆናል።"
ወረቀቱን አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ደስ አለኝ። ጥሩ ተማሪ...

መጋቢት 19
ሬዲዮው ከቦታው የለም። "ባትሪው አልቋል" አለች። ባትሪ ሲያልቅ ሬዲዮው ይነሳል እንዴ?

መጋቢት 21
ወንድሟ አዝመራው ከእንጅባራ መጣ። "አንተ ሰውዬ፣ ልብህን ተማሪ በልቶ የጨረሰው መስሎን ነበር! ለካ የሚታመም ተርፎሃል?" ሳቀ። ብቻውን ሳቀ።
ስለ ደጉ ጠየቅሁት።
"ደህና ነው አሉ።"
እነማን ናቸው ያሉት? አልጠየቅሁም።

መጋቢት 26
በሳምንት ሦስት ጊዜ ወፍጮ ቤት። ዐይኗ አብጦ ትመለሳለች። "ዱቄት ገባብኝ።" ዕቃው ውስጥ ያለው ዱቄት ግን ያው ነው።

መጋቢት 27
የልብ ምቴን ቆጠርኩ። ዘጠና ስድስት። ብጠይቃት ትዋሻለች። ካልጠየቅሁ... ልጄ አለ። ስንት ቀን ላኖረው እችላለሁ?

መጋቢት 30
የተኛሁ መስሏቸው ጓሮ ያወራሉ። ጎረቤታችን ውቢት፦ "ሚያዝያ አሥራ አራት፣ ሳይነጋ፣ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ። እስከዚያ እንዴት ትችይዋለሽ፣ እህቴ?"
ልክየለሽ፦ "ልቡ ይቀደዳል። ራሱ ሥሎ አሳይቶኛል።"
ከወደቅሁበት ቀን ቆጠርኩ። ልክ ስድስት ሳምንት። ለመርዶዬ ቀን ቆርጠዋል። ቀኑን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። እኔው ነኝ ያስተማርኳት...

ሚያዝያ 1
ምሳ አቀረበችልኝ። "አንቺስ?" "በልቻለሁ።" አልበላችም። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ አልቆም ብሏል። ከሷ ላይ ምን እየፈሰሰ ነው? ማን ይደፍነዋል? በዚያ ወረቀት ላይ የእሷን ልብ አልሣልኩትም።

ሚያዝያ 3፣ ሆሳዕና
ከቅዳሴ ተመለሰች። የዘንባባ ቀለበት ጣቴ ላይ ስታጠልቅልኝ እጇን ያዝኩት።
"ልክዬ።"
"አቤት።"
"ለደጉ አልቅሺለት።"
ቀስ ብላ፦ "አሥራ አንድ ቀን ይቀረዋል።"
"ይቅረው።"
ወረቀቱን ከደረቷ አወጣች። በላብ ወይቧል። አየችው፣ አየችኝ። ከዚያ ጮኸች። ከሁለት ሳምንት በላይ ያፈነችውን በአንድ ጊዜ... እኔም። ምቴን አልቆጠርኩም።
መንደሩ ወዲያው ሞላ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።