የተርቡ ቤት

ለማከብርሽ እህቴ፣ ለእትዬ፦

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ ሙቀቱና እርጥበቱ ቢያንገፈግፈንም አለን።

የዘንባባ እርሻው ሥራ ያው ነው። ቦት ጫማ ስናወልቅ ከእግራችን ላይ አልቅት እንነቅላለን፤ ምሳችንን ጦጣ ትቀማናለች። ባልሽ «ጦጣዋም እንደ አለቃችን ሳትሠራ ትበላለች» እያለ ያስቀን ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ቁጥቋጦ ስንመነጥር የተርብ ቤት አየንና ለአለቃው ነገርነው። «ለዝንብ ብዬ ሥራ ላቁም? ምን ዓይነት ወንዶች ናችሁ!» አለን። ገጀራዬ ቁጥቋጦው ላይ እንዳረፈ መንጋው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ባልሽ ገፍትሮ ቦይ ውስጥ ጣለኝና በላዬ ተኛብኝ። እኔን ጆሮዬ ላይ ብቻ ነደፈኝ፤ የእሱን ጀርባ ግን አትጠይቂኝ።

አሁን ደህና ነው፣ አታስቢ። ፊቱ ትንሽ አብጧል እንጂ ያወራል፤ ትናንትም ስምሽን ሲጠራ ዋለ። ምግብ አልወርድ ብሎታል፤ ሽንቱም እንደ ሻይ ጠቁሯል። የእርሻው ነርስ «ውሃ ይጠጣ» ብላ፣ ዓይኔን ሳታየኝ ወጣች። ከተማ ሆስፒታል እንድናደርሰው መኪና ብንለምን፣ አለቃው «መጀመሪያ የዘንባባው ፍሬ ይሂድ፣ ይበሰብስብኛል» አለን።

ይህን ደብዳቤ የያዘልሽ ሾፌር ያንኑ ፍሬ ጭኖ ነው የሚመጣው። ለበሽተኛ ባይሆንም ለወረቀት የሚሆን ቦታ አላጣም። ሲመለስ ባዶውን ስለሆነ ለምኜዋለሁ፤ ልጆቹን ይዘሽ አብራችሁት ኑ። ልብስ አጥባለሁ፣ ቤት አስተካክላለሁ እንዳትይ፤ በቆምሽበት ተነሺ።

ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ፤ መንገዱን ያቅናላችሁ።

ታናሽ ወንድምሽ