ሹራብሽ የዘራው ሣር

ልጄ፣ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ፣ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን፤ የአባትሽ ጉልበት ብቻ ብርድ በነካው ቁጥር ያስቸግረዋል፣ እሱ ደግሞ እኔን ያስቸግራል።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትቆጪ፤ የላክሽልኝ የሱፍ ሹራብ አለቀለት። ከብት በማይገባበት በባቡር ሐዲዱ አጥር ውስጥ ያ የድሮው ሣራችን ተርፎ አየሁና ገባሁ። ስወጣ ዘሩ ሹራቡን ወሮት ጃርት መስያለሁ። ራቁቱን የቀረው ግጦሻችን ላይ ቁጭ ብዬ እየነቀልኩ ዘራሁት። አባትሽ «ሴትዮዋ ለየላት» ብሎ ሳቀብኝ። ጎረቤቶቻችን ግን፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ከብቶቻቸውን ከለከሉልኝ፤ ዝናቡም አላሳፈረኝም።

ልንሸጣት የነበረችው ላም ይኸው ሣሩ እየታጨደላት ትበላለች፤ ዕድሜ ላንቺ! አባትሽማ አሁን ሹራቡን ራሱ ለብሶ ሣሩ ውስጥ ሲመላለስ ይውላል፤ ለእኔ ተራው አልደርስ አለኝ።

እጅሽ ይባረክና፣ ሌላ ከላክሽ ሻካራ ይሁን፣ ለስላሳው ዘር አይዝም። ደግሞ እዚያ ብርድ ነው ይላሉ፤ መጀመሪያ አንቺ ልበሺ።

ሰው አይጥላሽ፣ መንገድሽ ይቅና። ስትመጪ ሱፍ ለብሰሽ ነይ፤ ያልተዘራ ቦታ አስቀርቼልሻለሁ።

እናትሽ