የሲስተር ብርነሽ በር

ለውድ እህቴ ለብርነሽ ይድረስ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ፣ ወገብሽስ? ከሁሉ በፊት ግን እንቅልፍ አግኝተሻል ወይ? በስልክ ስንነጋገር ሁልጊዜ «በሽተኛ መጣ» ብለሽ ስለምትዘጊው ነው ወረቀት ያነሳሁት፤ ወረቀት እንኳ እስክትመለሺ ይጠብቅሻል። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

ወደዚህ ወደ እስራኤል የመግቢያ ፈቃድሽ ሲወጣ «የሚተካኝ ሳይመጣ ጤና ጣቢያውን ጥዬ አልመጣም» ስትይኝ፣ ሰበብ መስሎኝ ክፉ ተናግሬሻለሁ። «የእናትሽ ዐይን እየደከመ አንቺ የባዕድ ቁስል ታጥቢያለሽ» ማለቴ ያሳፍረኛል። እኔ በማጸዳው የዚህ አገር ጤና ጣቢያ፣ ኩፓት ሆሊም በሚሉት፣ ነርሶቹ ሰዓታቸው ሲደርስ ክሊኒኩን ቆልፈው ይሄዳሉ፤ ያንቺም እንዲሁ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ታሃና መርካዚት፣ ዋናው የአውቶቡስ መናኸሪያ አጠገብ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ፣ አመለወርቅ ከምትባል በቅርብ ከገባች ሴት ጋር ወሬ ጀመርን። የአገሬንና የአባቴን ስም ስነግራት «የሲስተር ብርነሽ ወንድም ነህ?» ብላ እጄን ይዛ አልለቅም አለች። ቤት ይዣት መጣሁ። በምጧ ጊዜ እትብቱ ቀድሞ ሲወጣ፣ አምቡላንሱ ውስጥ ተንበርክከሽ እትብቱን እንዳይጫነው የሕፃኑን ራስ በእጅሽ ደግፈሽ፣ ሳትለቂ ሆስፒታል እንዳደረስሻት ለእማማ አጫወተቻት። ልጁ ይኸው ሳሎናችንን ሲያምሰው ዋለ። ክንድሽ ደንዝዞ ስትመለሺ አምስት በሽተኛ በርሽ ላይ ቆሞ ነበር አሉ። ቀንም ሌትም ተረኛዋ አንቺው ብቻ ስለሆንሽ፣ ከዚያ ወዲህ የቀበሌው ሴቶች በየተራ በርሽ ላይ ተቀምጠው የመጣውን ሁሉ «ደም እየፈሰሰ ነው ወይስ ትንፋሽ አጥሮ? ካልሆነ ቁጭ በል፣ ልጅቷ ትተኛ» ይሉታል አለችን።

ነርስነት የምትማረው ልጄ ሺረል «አዝ ማታይ ሂ ይሼና?» አለች፤ ታዲያ መቼ ነው የምትተኛው ማለቷ ነው። የገዛ እህቴን ከሰው አፍ ማወቄ ቆጨኝ፤ ኮራሁም፣ አለቀስኩም።

እማማ ግን አላለቀሰችም። «ከእንግዲህ ነይ እንዳትሏት። እኔ እሄዳለሁ» አለች። ዐይንሽስ ብንላት «ሳይጠፋ ልያት እንጂ» አለችን። መንገዱ ሰላም ከሆነ ከፋሲካችን ከፔሳህ በኋላ ይዣት እመጣለሁ። ፈቃድሽ እንዲራዘም ጠይቄያለሁ፤ ቢራዘምም ባይራዘምም ግን አልጨቀጭቅሽም። ስንደርስ ባናገኝሽ ወላድ ዘንድ መሆንሽን እማማ ታውቃለች፤ አትቀየምሽም።

አብሮሽ ያለውን አጎታችንን ታፈረን ጉልበቱን ሳሚልኝ። በርሽ ላይ ለሚቀመጡት እናቶች ሁሉ እጅ ነስቻለሁ። ሺረል በጣም ትስምሻለች። እማማ ሰላምታ አልልክም ብላለች፤ ራሷ ይዛው ትመጣለች።

ወንድምሽ ታየ
ቤር ሼቫ፣ ሽኩና ጊሜል
የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.