የገባበት ሁሉ ይዘጋል

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ ውብአየሁ፤

«ያ ፕሮፌሰር እኮ የገባበት ሁሉ ይዘጋል» አለች እንቁላል ሻጯ ማናየሽ፣ ከኋላዋ ባጃጅ እየጠበቅሁ መቆሜን ሳታይ። ከዚህ የጀመርኩት ሰላምታውን ረስቼ አይደለም። እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽን እንዴት ያደርግሻል? የአርባ ምንጭ ሙቀትስ ጋብ አለላችሁ? እኔ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ አስተምራለሁ፣ እንቅልፍም አልነሳኝም።

የማናየሽን ነገር እንደ ሐሜት አላየሁትም። ቆዳ ፋብሪካው ይዘጋ ብዬ ያጠናሁት እኔ ነኝ። ጥናቱ ተወደደና በእድገት ወደ ዱቄት ፋብሪካ ወሰዱኝ፤ እሱንም ዘጋሁት። ከዚያ ስለ አዘጋጉ ስጽፍ ከረምኩና ፕሮፌሰር አሉኝ። ይኸው አሁን እንጅባራ ላይ የንግድ ስትራቴጂ አስተምራለሁ። ሴትዮዋ የሥራ ልምዴን ባንድ መስመር ጨረሰችው፤ እኔ አራት ገጽ ይፈጅብኛል።

አባባን ከዘንገና ወደ እኔ ቤት የማምጣቱን ነገር እንደ ሥራ ይዤው እንደነበር ታውቂያለሽ። በግድ አይሆንም፣ በየተራ ነው ብዬሽ ነበር፤ መጀመሪያ ፈረሱ፣ ቀጥሎ ድንቹ፣ መጨረሻ እሳቸው። ሳስረዳቸው ሰሙኝና፣ እኔንስ ለመዝጋት ስንት ዓመት መደብክ አሉኝ። ቢሆንም ገብሱ ይታጨድና እመጣለሁ ብለው እሺ አሉ። ፈረሱ መጣ፤ የጎረቤቴን የማርታን አጥር በልቶ ጨርሶ አሁን ወደ ጎመኗ ዞሯል። ድንቹም በጋሪ መጣ፤ ሳሎን ነው ያለው፣ እንግዳ ሲመጣ ጆንያውን ተደግፎ ይቀመጣል። ለእሳቸውም ሲነሡ እንዳይቸገሩ የአልጋውን እግር አስቆርጬ አሳጠርኩት። የአጎታችን ልጅ አየነው፣ ምን ይህን ሁሉ ያስዞርሃል፣ አንድ ቀን ደግፈህ አታመጣቸውም ወይ ብሎኝ ነበር። ችኮላ ነው አልኩት።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ እዚያው አርባ ምንጭ ያለው የዳንግላው ፀጋው ብቻውን አይመጣም። ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ ጎህ ሲቀድ እንዲያንኳኳ፣ ወረቀቱንም እነሱ ከተናገሩ በኋላ እንዲሰጥሽ ነግሬዋለሁ። ስለዚህ ይህን ስታነቢ መርዶውን ሰምተሻል። ተማሪዎቼን መጥፎ ዜና መጀመሪያው ገጽ ላይ ይቀመጣል እያልኩ አስተምራለሁ፤ እኔ ግን ዳር ዳሩን ዞሬ እዚህ ደረስኩ። አባባ ገብሱ ሳይታጨድ፣ በተኙበት አረፉ። በማግስቱ ቀበርናቸው። ፈረሱን አስጊጠን ከአስከሬኑ ፊት አስሄድነው፤ ሲያበቃ መልሼ ወደ ከተማ አመጣሁት። ማናየሽም ለቅሶ መጥታ ከሁላችን አብልጣ አለቀሰች። እኔ እስካሁን አላለቀስኩም።

ለአርባው የምትመጪ ከሆነ አልጋው ተነጥፏል፤ አጭር መሆኑን ግን እወቂው፣ ለጉልበትሽ ሳይሻልሽ አይቀርም።

ለባለቤትሽ ለአቶ ስማቸው፣ ደግፈው እንዲይዙሽ አደራ ብዬ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ናርዶስን ሳሚልኝ፤ ትንሹን ብሥራትንም፣ አያቱ ፈረሱ የእሱ ነው ይሉ እንደነበር ንገሪው። ከዚህ አየነውና ማርታ እግዜር ያጽናሽ ብለውሻል።

ገብሱን አየነው አጭዶታል። የአባባን ቤት እኔ ዘግቼዋለሁ። ቁልፉም እኔ ጋ ነው።

ወንድምሽ ይሄይስ
እንጅባራ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.